በቡሬ ደም ውስጥ የተዘጉ መጻሕፍት

ዶክተር ትሁኔ መሄዷን የሰማሁት ሞጣ መናኸሪያ ውስጥ ነው። የሬዲዮ መለዋወጫ ፍለጋ ሄጄ ወደ ቢቸና የሚመለሰው ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጫለሁ፤ አንድ የማውቀው ሾፌር አንገቱን በመስኮት አወጣና «ጋሽ ጥላዬ፣ የከብት ሐኪሟ እኮ ሄደች። ደም ውስጥ ስለሚኖር ተሕዋስ እንድታጠና ባሕር ማዶ ወስደዋታል» አለኝ። አጠገቤ ያሉት ተሳፋሪዎች የትኛዋ ሐኪም እንደሆነች ይከራከሩ ጀመር። አንዱ ረጅሟ ናት አለ፤ ሌላው ቀይዋ ናት አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ትሁኔ አጭር ናት፤ ጠይም ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታስራለች፤ ከባለቤቱ በፊት የበሬውን ጆሮ ጨብጣ ሰላም የምትል ሰው ናት። እኔ ያንን ዕለት ከሞጣ እስከ ግንደወይን፣ ከግንደወይን እስከ ቢቸና ድረስ ስለ እሷ ስናገር መጣሁ። ረዳቱ ሳይቀር ሰው መጫኑን ትቶ ሲያዳምጠኝ ነበር። እዚህ የምጽፈው በመንገዱ ጉድጓድ የተቆራረጠብኝን ወሬ አሟልቼ ነው።

አስቀድሞ እኔ ማን እንደሆንሁ መታወቅ አለበት፤ ያለዚያ ነገሬ ሊጠረጠር ይችላል። ቢቸና ውስጥ ድሮ ሬዲዮና ቴፕ፣ ዛሬ ደግሞ ስልክ የምጠግነው ጥላዬ ነኝ። አስተማሪ አልነበረኝም። አማርኛ ማንበብ የለመድሁት ሌሎች ልጆች ሲያነቡ ከአጥር ውጭ ቆሜ በመስማት ነው፤ እንግሊዝኛውን ያወቅሁት ከመድኃኒት ካርቶንና ከባትሪ ጀርባ ላይ ነው። በዚህ ከተማ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሆኖ የእኔ እጅ ያልነካው ቢኖር ገና ያልተሸጠ ነው። ጆሮዬም እንደ እጄ ነው። አንድ ሬዲዮ ከመሞቱ ከሳምንት በፊት እንደሚሞት ከድምፁ አውቃለሁ።

ትሁኔ ወደ ቢቸና የከብት ክሊኒክ ተመድባ ስትመጣ መጀመሪያ የፈለገችው ሰው እኔን ነበር። የማይክሮስኮፑ መብራት ሞቷል፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቂ ብለዋታል። እኔ ከፈትሁትና የሞተር ብስክሌት አምፖል ገጠምሁለት፤ የሞተር ብስክሌት ባትሪም አሰርሁለት። ከዚያ በኋላ ማይክሮስኮፑ መብራት ባለበትም በሌለበትም፣ ክሊኒክ ውስጥም ሜዳ ላይም ይሠራ ጀመር። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ይመጣል። እሷ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ጎንበስ አለችና አየች። እያየች ታንጎራጉራለች። አባቷ ሞጣ አካባቢ ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ልጅቷ ያደገችው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። የምታየው ነገር ንጹሕ ከሆነ ዜማው እስከ መጨረሻው ይወርዳል። አንድ ነገር ካገኘች ግን መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ይህን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። እሷ ራሷ አታውቀውም ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራት። ታክሞ ስለተነሳ ከብት «ድኗል» አትልም። ባለቤቱ እየተማጠነ «ዳነ በይኝ፣ ልጄ» ቢላት እንኳ «ዛሬ የለም» ብቻ ነው የምትለው። «ዛሬ የለም ማለት ዛሬ አልታየም ማለት ነው፤ ነገም አምጡት።» ሰው በዚህ ንግግሯ ይበሳጭባት ነበር። ሐኪም ሆና ቁርጡን የማትናገር ይሏታል።

አሁን ወደ አንጓች ልምጣ። አንጓች ከቢቸና ወጣ ብላ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ያላት አንድ በሬ ነው፤ ቡሬ ይባላል። ጎረቤቷ መንበሩም ያለው አንድ በሬ ነው፤ የእሱ ወይኖ ይባላል። በእኛ አገር እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች መቀናጆ ይገባሉ፤ በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው የአንዱንም የሌላውንም መሬት በተራ ያርሳሉ። ዕርፉን የሚጨብጠው መንበሩ ነው፤ እሷ ደግሞ በአረምና በአጨዳ ትከፍለዋለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጓዳዋ የቆመው በዚህ መቀናጆ ነው።

ቡሬን የገዛችው ከደብረ ኤልያስ ቆላ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ከብት ከሚያመጣ ነጋዴ ነበር። በደረሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጸጉሩ ቆመ፣ ዓይኑ አነባ፣ ጎኑ ገባ። ይተኛና ሊሞት ነው ሲባል ይነሳል፤ ሣሩን ይግጣል። ተነሳ ሲባል ደግሞ ይወድቃል። አንጓች ከገበያ መድኃኒት ሻጭ መርፌ አስወጋችው፤ ሻጩ አንዱን መጠን ለሁለት በሬ የሚያካፍል ሰው ነው። ቡሬ ተነሳ፤ ጎረቤት ሁሉ ደስ አለው፤ ከዚያ ወደቀ። ዓይን በልቶት ነው ያሉ ነበሩ። መንበሩ ግን የራሱ ምርመራ ነበረው፤ «ይህ በሬ ሲታረስ ይታመማል፣ ገለባ ሲቀርብለት ይድናል» እያለ በየሄደበት ያወራል። ሰው ይስቃል። አንጓች አትስቅም፤ ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን ታውቃለች።

ቡሬን ደጋግማ ወደ ክሊኒክ አመጣችው። ትሁኔ ከጆሮው ደም እየወሰደች አየች፤ ዜማዋ በየጊዜው እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ምንም የለም። ነገር ግን ሁኔታውን አይታ የገንዲ በሽታ ነው ብላ ጠርጥራለች፤ በቆላ ዝንብ ንክሻ ወደ ከብት ደም የሚገባ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ጥርጣሬዋን ለመንበሩ ብትነግረው «የዶክተሯ መነጽር የሚያየው የራሷን ሐሳብ ነው» አለ። ከዚያም ሽማግሌ ሰበሰበ፤ የሰኔ እርሻ ሳይደርስ መቀናጆው ይፍረስልኝ አለ። መንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። ልጆች አሉት፤ የታመመ በሬ ከጎኑ ጠምዶ ዘር ሊያሳልፍ አይችልም። ግን ያ መቀናጆ ከፈረሰ አንጓች መሬቷን ለእኩል አራሽ መስጠቷ ነው፤ ግማሹ እህል ከቤቷ ይወጣል፣ ቀሪው ደግሞ ክረምቱን አያሻግራትም።

በዚያው ሰሞን ትሁኔ ባትሪውን እንድሞላላት ሱቄ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ሥራዬን እያየች ድንገት፣

«ጋሽ ጥላዬ፣ እየቆራረጠ የሚያስቸግር ሬዲዮ ይመጣልዎታል?» አለችኝ።

«ይመጣል እንጂ። እሱ ነው ሰውና እኔን የሚያጣላ» አልኋት። «እቤት ሲቆራርጥ ሰንብቶ እኔ ፊት ሲደርስ ይዘፍናል። ባለቤቱ ያፍራል፣ እኔም ደህና ነው ብዬ እመልሰዋለሁ። በማግሥቱ ይቆራርጣል።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ቤቱ ድረስ ሄጄ እስኪቆራርጥ እጠብቀዋለኋ።»

ትሁኔ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ባትሪውን ሳትወስድ ወጣች። ወደ አንጓች ቤት ሄዳ አንድ ጥያቄ ብቻ እንደጠየቀቻት በኋላ ነገረችኝ፤ ቡሬን ወደ ክሊኒክ የምታመጪው በምን ዓይነት ቀን ነው? አንጓች ደግሞ ይህ ምን ጥያቄ ነው ብላ፣ ደህና በሆነ ቀን ነዋ አለቻት። በእኛ አካባቢ የታመመ በሬ በከተማ መሀል አይነዳም። ነጋዴ ካየው ስሙ ይጠፋል፤ ኋላ ቢድን እንኳ ገዢ አያገኝም። ስለዚህ ሁሉም በሬውን ቀና ብሎ የሚሄድበትን ቀን ጠብቆ፣ ጸጉሩን አሻሽቶ ያመጣዋል። ሐኪሟ ያየችው ቡሬን አልነበረም፤ የቡሬን ደህና ቀን ነበር። ይህ ነገር ለዓመታት ከስንት ሐኪም ዓይን ተሰውሮ በእኔ ሱቅ ውስጥ ተገኘ።

ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲቀመጡ ትሁኔ ሳትጠራ መጣች፤ እኔም ተከተልኋት። ዳኝነቱን የያዙት የደብሩ ቄስ ነበሩ። ትሁኔ ነጠላዋን ፈትታ፣ መስቀል ተሳልማ፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል ታገሡኝ አለች። «ቡሬ በትኩሳት ሲነድ ይደወልልኝ፤ እሱ አይመጣም፣ እኔ እመጣለሁ።»

«ባታገኚበትስ?» አለ መንበሩ።

«ባላገኝ መቀናጆው ይፍረስ። እኔም እዚሁ ቆሜ ተሳስቼ ነበር እላለሁ።»

ቄሱ ግን ነገሩ አልገባቸውም። ተሕዋስ ካለ ሁልጊዜ ለምን አይታይም፤ ከሌለስ በሬው ለምን ይወድቃል? ትሁኔ መሬት ላይ ተቀመጠችና እሳቸውን መልሳ ጠየቀቻቸው። በደብሩ ዕቃ ቤት ምን ያህል መጽሐፍ አለ አለች፤ ብዙ ነው አሉ። አትሮንሱ ላይ ወጥቶ የሚነበበውስ አለች።

«አንድ ነዋ» አሉ ቄሱ። «ሁለት መጽሐፍ ባንድ ጊዜ የሚያነብ ማን አለ?»

«የዚህ ተሕዋስ ነገርም እንዲሁ ነው፣ አባቴ። በውስጡ የተዘጉ ብዙ መጻሕፍት አሉት፤ እኛ ጂን እንላቸዋለን። እያንዳንዱ የአንድ ልብስ አሰፋፍ ተጽፎበታል። ሌሎቹን ሁሉ ዘግቶ አንዱን ብቻ አትሮንሱ ላይ ያወጣና ያንን ልብስ ለብሶ በደሙ ውስጥ ይዋኛል። የበሬው አካል ልብሱን እስኪለየው ድረስ ተሕዋሱ ይበዛል፤ ትኩሳቱ የሚወጣው ያኔ ነው። አካሉ ከለየው በኋላ ተሕዋሱን ይፈጀዋል፤ ቡሬም ተነስቶ ይግጣል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ መንጋ መሀል ጥቂቶቹ ሌላ መጽሐፍ አውጥተው ሌላ ልብስ ለብሰዋል። እነሱን የሚያውቃቸው የለም። ይበዛሉ፤ ትኩሳቱም ይመለሳል።»

መንበሩ የበሬው አካል ሊፈጃቸው እንደሚመጣ ለተሕዋሶቹ ማን ነገራቸው ብሎ ጠየቀ። እኔ ቶሎ ብዬ፣ አይተው ነው የሚቀይሩት አልሁ። ትሁኔ ፈገግ አለች፤ «አያዩም፣ ጋሽ ጥላዬ፤ አያስቡምም። ጠላት መጣም አልመጣ ጥቂቶቹ እንዲያው በዘፈቀደ ይቀይራሉ። የቀየሩት ይተርፋሉ፤ ያልቀየሩት ያልቃሉ።» እኔም ልል ያሰብሁት እሱን ነበር።

ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እንግዲያ ይህ ተሕዋስ ከእኛ መሪጌታ ይሻላል። የእኛው አንዱን መጽሐፍ ፈልጎ እስኪያወጣ ሰዓቱ ያልፋል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መንበሩም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ እንቢ ማለት አልሆነለትም። እስከ ሰኔ ሚካኤል ተሰጣት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ለአንጓች ረጅም ነበር። ቡሬ ደህና ነው። ከወትሮው የበለጠ ይበላል፤ ጅራቱን ያወዛውዛል። ሰው ስለ በሬው ጤና ሲያመሰግን እሷ ቀን ትቆጥራለች፤ በዓሉ እየቀረበ ነው። በሬዋ እንዲታመም የምትለምን ሴት ሆንሁ እኮ፣ ብላኛለች።

በመጨረሻ አንድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። አንጓች ናት፤ ክሊኒኩ ስልክ አላነሳ ብሏት ነው። «ጋሽ ጥላዬ፣ የቡሬ ጆሮ እሳት ሆኗል» አለችኝ፤ ድምፅዋ የሐዘን ይሁን የደስታ መለየት አልቻልሁም፣ እኔ እንኳ። ትሁኔን ጠርቼ ባጃጅ ያዝን። ማይክሮስኮፑን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ባትሪውን በእግሬ ይዤ፣ በዚያ ድንጋይ መንገድ ሄድን። አንዲት ብሎን አልላላችም፤ ያሰርኋት እኔ ነኛ።

ስንደርስ ቄሱም ሽማግሌዎቹም መንበሩም ግቢው ውስጥ ነበሩ። ቡሬ ተኝቶ ያቃስታል። ትሁኔ ማይክሮስኮፑን በግድግዳው ጥግ ካለው የጭቃ መደብ ላይ አስቀመጠች፤ እኔ ባትሪውን ገጠምሁ፤ መብራቱ ቦግ አለ። ከጆሮው ጠብታ ደም ወስዳ ስስ መስተዋት ላይ አኖረች፤ ፀሐዩ እንዳያስቸግራት ነጠላዋን በራሷና በማይክሮስኮፑ ላይ ጣለችው። ከነጠላው ሥር ዜማው ተሰማ።

ዜማው ወረደ። አንጓች እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ዜማው አንዴ አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ። መንበሩ አፈር በዱላው ይጭራል፤ ፈገግ ለማለት እየዳዳው ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። ዜማው ወደ መሀሉ ደረሰ፣ ሊታጠፍ ወደሚገባው ቦታ ደረሰ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

«አገኘች» አልሁ።

ትሁኔ ከነጠላው ሥር ሳትወጣ፣ «አያ መንበሩ፣ ይምጡ» አለች።

መንበሩ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ ያየው የራሱን ሽፋሽፍት ነው፤ ጸጉር አለ ብሎ ጮኸ። ራስህን ከፍ አድርግ አልሁት። ከፍ አደረገ። ከዚያ አየው። እኔም ከእሱ በኋላ አይቼዋለሁ። ቀዮቹ ክብ ክብ የደም ሕዋሶች ተደርድረዋል፤ በመሀላቸው ቀጭን ጅራፍ የመሰለ ነገር እየተጠማዘዘ፣ ቀዮቹን በትከሻው እየገፋ ይሮጣል። አንድ አይደለም፤ ወዲያም አለ፣ ወዲህም አለ።

መንበሩ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። «ይሄ ነው ወይኖን ብቻውን ሊያስቀርብኝ የነበረው?» አለ። ከዚያ አንጓችን አየት አድርጎ ቡሬ አጠገብ ሄዶ በፊት እግሮቹ በኩል ተቀምጦ ራሱን ደገፈለት። ቄሱም ወረፋቸውን ጠብቀው አዩ፤ «ልብሱ አይታይም» ብለው አማረሩ። ልብሱን ለማየት ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ ያስፈልጋል አለቻቸው።

ትሁኔ የቡሬን ደረት በሜትር ለክታ ለክብደቱ የሚበቃውን መርፌ ሙሉውን ወጋችው። አንጓች እንደ ሰው ሁሉ ዳነ በይኝ ብላ ለመነቻት። ትሁኔ አላለቻትም። በኋላ ግን እየተመላለሰች፣ ደህና በሚመስልበትም ደከም በሚልበትም ቀን ደሙን አየች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ዜማው እስከ መጨረሻው ወረደ። ሰኔ ሚካኤል ደረሰ፤ ትኩሳቱ አልተመለሰም።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው የእርሻ ቀን መንበሩ ቡሬንና ወይኖን በአንድ ቀንበር ጠመደ። ሽማግሌዎቹ ዳኝነታቸውን ሊፈጽሙ መጥተዋል፤ እኔ ደግሞ እንዳይቀርብኝ መጣሁ። ትሁኔ ማሳው ዳር ቆማለች። ቡሬ የመጀመሪያውን ትልም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሳበ። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፤ ተገለበጠ። ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ሄዱ። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንደኛው በሬ ምላሱን አውጥቶ ቆመ። ወይኖ ነበር። ቡሬ ቀንበሩን ወደፊት እየገፋ ይጠብቀዋል።

አንጓች ከማሳው ዳር፣ «አያ መንበሩ፣ ወይኖ ሲታረስ ይታመማል እንዴ?» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። መንበሩ ራሱ ዕርፉን ተደግፎ ሳቀ። እሷ ግን ቀጥላ እልል አለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ድምፅዋን እንዲህ ከፍ ስታደርግ የሰማ አልነበረም። መቀናጆው ጸና። በዚያ ዓመት እህሉ ሙሉ በሙሉ በሯን አልፎ ገባ።

ስንመለስ ለትሁኔ አንድ ጥያቄ አቀረብሁላት። ይህ ተሕዋስ መጽሐፎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ለምን አይከፍታቸውም? ባንድ ጊዜ ቢከፍታቸው አካሉ ሁሉንም ልብሶች ባንድ ጊዜ ይማራቸው ነበር፣ መደበቂያ አይቀርለትም ነበር አለችኝ፤ ትልቁ ተንኮሉ ሌሎቹን ዘግቶ መያዙ ነው። እኔም፣ «ታዲያ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ማን ነው?» አልኋት።

መንገድ ላይ ቆመች። «እንደሱ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። «ሊቃውንቱ የሚፈልጉት እሱን ነው። ቁልፉን በደንብ ያወቀ ሰው፣ ወይ መጻሕፍቱን ሁሉ ይከፍትበታል፣ ወይ በአንዱ ላይ ይቆልፍበታል። ያኔ መሸሻ የለውም።» ይህን ቃል በቃል ነው የጻፍሁት። እንዲያ ያለ ጥያቄ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ መውጣቱ ሌላውን ያስገርመው ይሆናል፤ እኔን አላስገረመኝም።

በኋላ አባቷ ሲደክሙ ወደ ሞጣ ተዛወረች፤ ከዚያ ደግሞ እንደሰማችሁት ሄደች። ከሞጣ ከተመለስሁ በኋላ በመጣው የገበያ ቀን ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ መንበሩ ወይኖን እየነዳ ሲያልፍ አየሁ። ወይኖ ጸጉሩ ቆሟል፤ ያስላል። መንበሩ በጓሮ መንገድ አልሄደም፤ በዋናው አስፋልት፣ በከብት ነጋዴዎቹ መሀል ነው የሚነዳው። አንጓች ከኋላው ቡሬን ይዛ ትከተላለች፤ ቡሬ ምንም የለበትም፤ «ነገም አምጡት» የተባለውን አልረሳችም። አንድ ነጋዴ ለመንበሩ ያዘነለት መስሎ፣ በሬው ታሟል እንዴ አለው።

«ታሟል» አለ መንበሩ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። «ደህና በሆነበት ቀን ብወስደው ምኑ ይታያል?»

ይህን በስልኬ ቀድቼ ለትሁኔ ላክሁላት። እኔ ነኝ መላኩን ያስተማርኋት ብል አጋነንሁ ይባላል፤ ስልኳን ግን እኔ ነበርሁ የምጠግነው። መልሷ የደረሰው መንበሩና አንጓች ከክሊኒክ ሲመለሱ ሱቄ ውስጥ አረፍ ባሉበት ሰዓት ነው፤ የወይኖ ሳል የብርድ ነው ተብለው ደስ ብሏቸዋል። የላከችልን ቃል አልነበረም። ማሽን ከሩቅ ያጉረመርማል፣ የብርጭቆ ዕቃ ይንኳኳል፤ ከዚያ ያ ዜማዋ ተሰማ። እየሠራች ነው። ሦስታችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን። ዜማው ወረደ፣ ወደ መሀሉ ደረሰ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

«ተቋረጠ፤ ስልክህን አስተካክለው» አለኝ መንበሩ ደንግጦ።

«አልተቋረጠም» አለችው አንጓች። «አገኘች።»

ከእኔ ቀድማ ነው ያለችው። በዚህ ነገር የቀደመኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።